ሦስት ቀን የዘገየችው ጨረቃ

አባዬ፣

ከሸኘንህ ወዲህ አራት ዝናብ መጥቶ ሄዷል፤ ሁለት ዓመት መሆኑ ነው። ቤቱ ደህና ነው። የሱቁን ቆርቆሮ ቀይሬዋለሁ። ራዲዮ የሚያስጠግን ሰው እየጠፋ ስለሄደ አሁን ሥራዬ በአብዛኛው ሞባይልና የፀሐይ መብራት ነው። እማዬ ጉልበቷን ያማታል እንጂ ምላሷ እንዳለ ነው። ሰዓትህን እኔ አስሬዋለሁ። ቀበቶው ላይ ሁለት ቀዳዳ ጨመርኩበት፤ ያም ሆኖ እጄ ላይ ይዞራል። ገበያ ስወጣ ሴቶቹ «የአባትሽን ሰዓት ነው ወይስ ክንዱን ጭምር ነው ያሰርሽው?» ይሉኛል።

ከሞያሌ ያመጣኸው ዕለት እማዬ «ሰዓት ጠጋኝ ደግሞ ሰዓት ይገዛል?» ብላ ስቃብህ ነበር። አንተ ምንም ሳትል ሰሌዳው ላይ ያለችውን መስኮት አሳየኸን። ከውስጧ ትንሽ ጨረቃ አለች፤ ትሞላለች፣ ትጎድላለች፣ ትጠፋለች። ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ስለሞላኸው ጨረቃዋ የምትራመደው አመሻሽ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነበር። ያኔ ግቢ ወጥተህ ከሰማዩ ጋር ታስተያያታለህ። ጎረቤታችን የረመዳን ጾሙ ስንት ቀን እንደቀረው አንተን ይጠይቅ ጀመር። እማዬ እንኳ ጎመን ከመዝራቷ በፊት እጅህን ሳብ አድርጋ ታያለች።

ይህን ሁሉ ያለ ሰዓት የሚያውቁት ወዳጅህ ኦቦ ቦሩ ነበሩ። ቦረናዎቹ አያንቱ ይሏቸዋል፤ ጨረቃንና ኮከብን አይተው ቀን የሚቆጥሩ ሰው። የነበርክበት ሠራዊት ተበትኖ አንተ ነገሌ ስትቀር መጀመሪያ የሚጠገን ራዲዮ ያመጡልህ እሳቸው ናቸው። በየገበያው ቀን ከሊበን መጥተው በራችን ላይ ይቀመጣሉ፤ እሳቸው ጨረቃዋ ስንት ቀን እንደሆናት ይናገራሉ፣ አንተ ሰዓትህን ታያለህ፣ ትሳሳቃላችሁ።

ከዚያ በጨረቃ ተቆጥሮ የልጅ ልጃቸው ስም የሚወጣበት ቀን ደረሰ። ሰማዩ ብዙ ቀን ደመና ነበር። ኦቦ ቦሩ በራችን ላይ ከአማቾቻቸው ጋር ተቀምጠው ቀኑን ቆጠሩ። አንተ እጅጌህን ሰብስበህ «ኦቦ ቦሩ፣ ሦስት ቀን ቀደሙ እኮ! እርጅና መጣ መሰለኝ» አልክ። ሰዉ ሳቀ። አማቾቹ የሰዓቱን ቀን ያዙ። ኦቦ ቦሩ በትራቸውን አንስተው ሄዱ።

ስሙ ከወጣ በኋላ ደመናው ሲገለጥ፣ አማቾቹ ልብ ባይሉትም፣ ጨረቃዋ እሳቸው እንዳሉት ሆና ታየች። ከቆጠራው በፊት በነበረው ሳምንት ወባ ጥሎህ፣ በጣት የሚሞላው ሰዓትህ ሦስት ቀን ቆሞ ነበር። ስትነሳ ሰዓቱን ከእኔ ጠይቀህ አስተካከልክ፤ ጨረቃዋን ግን ረሳህ። ሰማዩ በተገለጠ ማታ መርፌ አንስተህ ጨረቃዋን የምታራምደውን የሰዓቱን የጎን ቀዳዳ ሦስት ጊዜ ስትጫን አይቼሃለሁ። አንድ ቃል አልተነፈስክም። እኔም ዝም አልኩ።

ኦቦ ቦሩ ከዚያ ወዲህ በራችን ላይ አልተቀመጡም። ቀብርህ ላይ መጡ፤ ድንኳን ግን አልገቡም። አማቾቻቸው ቀን የሚያስቆጥሩት ሌላ ሰው ዘንድ እንደሆነ ሰማሁ። አንተም በመጨረሻው ሰሞን «ቦሩን...» ብለህ ጀምረህ ፊትህን ወደ ግድግዳ አዙረህ ነበር።

ባለፈው ወር በአይሱዙ ተሳፍሬ ሊበን ሄድኩ። መንገዱን ሙሉ ጥፋትህን ከመቃብር ቆፍሬ የማወጣ መስሎኝ ሁለት ጊዜ ልወርድ ነበር። ኦቦ ቦሩን ግራር ሥር አገኘኋቸው። ወባውንም፣ መርፌውንም፣ ዝምታችንንም ነገርኳቸው።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣» አሉኝ፣ «እኔማ ሰማዩ ሲገለጥ አውቄዋለሁ። ለእኔ ምን ትነግሪኛለሽ? ሲስቁ ለነበሩት ንገሪያቸው።»

በማግስቱ አማቾቹ ተጠሩ። ተነስቼ ቆምኩና «የተሳሳተው አባቴ ነው፤ አውቆም ዝም አለ። ይቅር በሉት» አልኩ። ከዚያ አንዱ ሽማግሌ «ታዲያ አሁን ልጁን ስምህን መልስ ልንለው ነው?» አለ። ኦቦ ቦሩ «ተውት፤ በዚሁ ስሙ ዛሬ ስንት ጥጃ ሲያባርር ዋለ» ሲሉ ሁሉም ሳቁ። በጮጮ ወተት ሰጡኝ። «ናጋ፣ ሰላም ይሁን» አሉ፤ ስምህን ጠርተው መረቁ።

ልነሳ ስል ያው ሽማግሌ ከብቶቹን ወደ ሌላ ግጦሽ የሚያነሳበትን ቀን ኦቦ ቦሩን ጠየቀ። እሳቸው ወደ ሰማይ አዩ፤ ጣታቸውን አጥፈው ቀስ ብለው ቆጠሩ። የእኔን ክንድ ማንም አላየውም።

አባዬ፣ ስለ አንተ ለሚጠይቀኝ ሰው እጅህ ምን ያህል ጎበዝ እንደነበረ እነግረዋለሁ። ይህችንም ጥፋት አልዘልላትም፤ ሳይጎድልብህ፣ እንደነበርክ አድርጌ ነው የማስታውስህ። «ቦሩን...» ብለህ የተውካትን ቃል አድርሼልሃለሁ። ተኛ።

ልጅህ