ፈረሰኛው ያንቺ ነው

ሌንሳ፣
የፋሲካን ሺፍት አልገባም። ልጆቼን ይዤ ኮዬ ፈጬ ወንድሜ ጋ ሄጃለሁ።

አለቃችን ከደወለልሽ «አልገባም ብላለች» በይው። አሟታል ብለሽ እንዳትዋሺልኝ።

ትንንሽ ልጆች ያሏቸው በዓል አይገቡም ተብሎ ነበር። «ልጆቿን እኔ እይዝላታለሁ» ብለሽ ያስገባሽኝ አንቺ ነሽ። የበዓሉ ክፍያ እንዳያመልጠኝ ብለሽ እንጂ በክፋት እንዳልሆነ አውቃለሁ።

ግን የገና ዕለት እኔ ፋብሪካ ቆሜ ስውል ትንሿ ልጄ አንቺን «እማ» ብላ ጠራችሽ። ማታ ስገባ እየሳቅሽ ነገርሽኝ።
እኔም ሳቅኩ።

የዶሮውን ድስት በደንብ ክደኚው፣ የጎረቤት ድመት እንዳትቀድምሽ።
ፈረሰኛውን ላንቺ ትቼልሻለሁ።
«እማ» መባሉን ግን አልተውልሽም።

ሥርጉት