ሌሊት የሚጻፍበት ደብተር

ለእህት ዓለሜ፣

እንደምን ከርመሻል? ወገብሽ ተሻለሽ? ልጆቹስ? እኔ ካንቺ ናፍቆትና ከእንቅልፍ በስተቀር ምንም አልጎደለብኝም።

ባሌን ከቤት ካስወጣሁት ስድስት ቀን ሆነው። የእናቱ ቤት ካንቺ ሁለት በር አልፎ ነውና ወሬው ሳይደርስሽ አልቀረም። እሱ ምን እንዳለ እንጃ፤ የእኔን ስሚ።

ጠዋት ጠዋት ስደበደብ ያደርኩ ይመስል እነሳለሁ። መንጋጋዬን ያመኛል፣ ጉሮሮዬ ይደርቃል። ባለፈው ሳምንት የመቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ቆሜ አንቀላፍቼ፣ ለአርባ ሸሚዝ ግራ እጅጌ ብቻ ቆርጬ ቁጭ አልኩ። አለቃዬ ማታ ማታ ምን ስትሠሪ ነው የምታድሪው ብላ አፈጠጠችብኝ። ስተኛ ነው የማድረው ብላት ማን ያምነኛል?

ያኔ ባሌን ጠረጠርኩ። የማታ ሻዬን የሚያፈላው እሱ ነው። ደግሞ እሱም ቀን ቀን ያንቀላፋል፤ ዓይኔን ስገልጥ አፍጥጦ ሲያየኝ አገኘዋለሁ። አስተኝቶኝ የት ይሆን የሚሄደው አልኩ። ኪሱን ስበረብር ትንሽ ደብተር አገኘሁ፤ ሰባት ሰዓት ከሩብ፣ ሠላሳ ሰከንድ፤ ዘጠኝ ሰዓት፣ አርባ ሰከንድ ይላል። ከማን ጋር ነው የምትደዋወለው ስለው ደነገጠ፤ ኋላ እነግርሻለሁ አለ። ኋላ ብሎ ነገር የለም ብዬ ሻንጣውን ደጅ አወጣሁለት። ሲሄድ በጀርባሽ እንዳትተኚ አለኝ። የሚያሾፍ መስሎኝ በሩን ፊቱ ላይ ደረገምኩት።

ትናንት ለመንጋጋዬ ብዬ ጥርስ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ሌሊት ጥርስሽን ታፋጫለሽ፤ አገጭሽ ወደ ኋላ የገባ ስለሆነ ስትተኚ ምላስሽ ጉሮሮሽን ይዘጋል፣ ትንፋሽሽ ይቆማል አለኝ። እሱንም አላመንኩትም፤ ገንዘቤን ፈልጎ ነው አልኩ። ከዚያ አጠገብሽ የሚተኛ ሰው ካለ ትንፋሽሽ ስንት ሰከንድ እንደሚቆም ሰዓት ይዞ ይጻፍልኝ አለ። ወንበሩ ላይ እንዳለሁ የባሌ ደብተር ትዝ አለኝ።

ስተኛ አገጬን ወደ ፊት የሚይዝልኝ የአፍ መያዣ እስኪሠራልኝ ብቻሽን አትተኚ ብሎኛል። ስድስቱ ሌሊት እንዴት እንደነጋልኝ እንጃ። ትናንት ግድግዳ ተደግፌ ቁጭ ብዬ አደርኩ። ፈራሁ፣ እህቴ።

ባሌን ሙሉ በሙሉ አመንኩት አላልኩም። ካወቀ ለምን ዝም አለኝ? መተኛት እንዳልፈራ ብሎ ከሆነም፣ ከራሱ አፍ ልስማው። ደብዳቤውን ወደ እናንተ ለሚመጣው አውቶቡስ ሹፌር እሰጠዋለሁ፤ ከቀትር በኋላ ይደርስሻል። እንደደረሰሽ እናቱ ቤት ሂጂና ወደ ቤቱ እንዲመለስ ንገሪልኝ። እኔ እንደላክኩሽ ግን አትንገሪው፤ ሐኪም አዟል በይው። ሳይመሽ ቢመጣ ደግ ነው።

ጤና ይስጥልኝ፤ እንቅልፍሽን የሰላም ያድርግልሽ።

ሰው የማታምነው ታናሽሽ