የማዕዘን አስቆራጩ ወንድማችን የሕይወት ታሪክ

ዛሬ የምንሸኛቸው ወንድማችን ከልብስ ሰፊው አባታቸውና ከእናታቸው በ1943 ዓ.ም. በዚህችው ከተማ፣ በመስቀለኛው መንገድ ጥግ ካለው ስፌት ቤት ጀርባ ባለችው ክፍል ተወለዱ። ለወላጆቻቸው የመጀመሪያ ልጅ ናቸው። ይህን ታሪክ የምትጽፈው ታናሽ እህታቸው ናት። ቤተ ዘመድ "አንቺ ብቻ አትጻፊው፤ ሁለታችሁንም እናውቃችኋለን" ብሎ ነበር። ባለቤታቸው ግን "እሷ ካልጻፈችው ውሸት ይሆናል" ስላሉ ብዕሩ ለእሷ ተሰጠ።

ወንድማችን የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በሰፈራቸው ካጠናቀቁ በኋላ ዩኒቨርሲቲ ገብተው በከተማ ፕላን ተመረቁ። በ1966 ዓ.ም. በማዘጋጃ ቤቱ ፕላን ክፍል ሲቀጠሩ፣ ከተሰጣቸው ጠረጴዛ ትይዩ የከተማዋ የመጀመሪያ ፕላን ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ አገኙት። ፕላኑን የነደፈው ቀያሽ በፈረስ ጋሪ ዘመን የኖረ ሰው ነው። ሁለት መንገድ በሚገናኝበት ሁሉ የጥግ ቤቶች ማዕዘን በሰያፍ እንዲቆረጥ አዝዞ ነበር፤ ጋሪው ሳይጨናነቅ እንዲዞር፣ ከዚህ የሚመጣውም ከዚያ የሚመጣውን እንዲያይ። ከእሱ በኋላ የመጣው ሰው ግን ማዕዘኑን በቆርቆሮም በብሎኬትም እየሞላ ቤቱን አሰፋበት። ከሞሉት አንዱ አባታቸው ነበሩ።

የወንድማችን ልብ በዚያ ፕላን ላይ ቀረ። አዳዲሶቹን ሰፈሮች ሲያቅዱ የቀያሹን ሕግ እንዳለ ወሰዱት። "ጋሪው ቢቀር አውቶቡሱም የእሳት አደጋ መኪናውም መዞሪያ ይፈልጋል፤ እግረኛም መቆሚያ ይፈልጋል" ይሉ ነበር። ከሌሎች ከተሞች የፕላን ባለሙያዎች እየመጡ የተቆረጡትን ማዕዘኖች ለክተው፣ ፎቶ አንስተው፣ ወደየከተማቸው ወስደዋቸዋል። በ1971 ዓ.ም. ነርስ ከሆኑት ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ ወልደዋል። ልጆቹ መሮጥ ሲጀምሩ የምግብ ጠረጴዛውን አራት ማዕዘን በመጋዝ ስለቆረጡት፣ እንግዳ ሁሉ የት እንደሚቀመጥ ግራ ሲገባው ኖሯል።

አሁን ወደ 1978 ዓ.ም. እንመጣለን፤ ዘልለሽ እለፊው ያላችሁኝ ይቅርታ አድርጉልኝ። ማዘጋጃ ቤቱ በአሮጌው ሰፈር የተሞሉት ማዕዘኖች እንዲከፈቱ ወሰነ። ወንድማችን በዚያን ጊዜ የክፍሉ ኃላፊ ነበሩ። አባታቸው ሞተው ስፌት ቤቱ ለታናሽ እህታቸው ደርሷታል። የአባታቸው የስፌት መኪና የቆመው እዚያው የተሞላው ማዕዘን ላይ፣ ከሁለቱ መስኮቶች መካከል ነው፤ ልጆቻቸውን ያሳደጉትም እዚያ ተቀምጠው ነው። የሥራ ባልደረቦቻቸው "የእህትህን ለመጨረሻ እናቆየው" ቢሏቸው፣ ወንድማችን "ከእኛ ቤት ካልጀመርን የማንንም ደጃፍ አልረግጥም" አሉ።

እህታቸው ቢሮ ድረስ ሄደች። ክፍሉ ውስጥ ያለው ሁሉ እርሳሱን አስቀምጦ ጆሮውን ሰጠ። "ጋሼ፣ የአባባን ቦታ ልታፈርሰው ነው?" አለቻቸው።

"የመንገዱ ነው። አባባ ሞላው እንጂ የእሱ አልነበረም።"

"እዚያ ተቀምጦ እኮ ነው ያሳደገን!"

"አውቃለሁ" አሉና የማፍረሻውን ትእዛዝ ፈረሙ።  እህታቸው ሳትሰናበታቸው ወጣች።

ግንቡ በፈረሰበት ቀን ራሳቸው መጥተው የአባታቸውን መኪና ተሸክመው ወደ ውስጠኛው ክፍል ሊያስገቡ ሲሉ፣ እህታቸው መሐል ላይ "አትንካው!" ብላ ነጠቀቻቸው። ከዚያ ወዲያ ለብዙ ዓመታት አልተነጋገሩም። በሠርግም በለቅሶም ሲገናኙ አንዱ በር ጋ፣ አንዷ መስኮት ጋ ይቀመጡ ነበር። መልእክት የሚያመላልሱት ባለቤታቸው ናቸው፤ እግራቸው እስኪቀጥን ተመላለሱ። እናታቸው እስኪሞቱ ድረስ "እኔ የወለድኩት ልጅ ነው ወይስ ማስመሪያ?" እያሉ ያዝኑ ነበር። "ማስመሪያው" የሚለው የቤተሰብ ስማቸውም በዚሁ ቀረ። ደንበኞች ስፌት ቤቱ በር ላይ ቆመው "አሁን እኮ ሰፋ አለ፤ አውቶቡሱም ከሩቅ ይታያል" ሲሉ፣ እህታቸው ከስፌቷ ቀና ብላ አታያቸውም ነበር።

ወንድማችን በ2003 ዓ.ም. በጡረታ ተገለሉ። በ2014 ዓ.ም. አዲስ የከተማ ፕላን ሲረቀቅ፣ ፎቅ የሚሠሩ ባለሀብቶች የማዕዘኑ ሕግ እንዲቀር ጠየቁ። ጉዳዩ በሕዝብ ስብሰባ ሊወሰን ነው፤ ወንድማችን ደግሞ በኩላሊት ሕመም ሆስፒታል ተኝተዋል። ዕድሜ ልካቸውን የደከሙበት ነገር እሳቸው በሌሉበት ሊፈርስ ሆነ። ከባለሀብቶቹ አንዱ አዳራሹ ውስጥ ተነሥቶ ወደ እህታቸው እያመለከተ፣ "በዚህ ሕግ የተጎዱት እናት እነሆ፤ የገዛ ወንድማቸው ነው ያፈረሰባቸው። እሳቸው ይናገሩ" አለ። የወንድማችን ልጆች አንገታቸውን ደፉ።

እህታቸው ተነሣች። "የእኔ ሲቆረጥ ሕግ ነው ተብሎ ነው። ዛሬ ሕጉ ይቅር ካላችሁ የአባቴን ቦታ መልሱልኝ! እሱን መመለስ ካልቻላችሁ ደግሞ የማንም አይሞላም!" ብላ ተቀመጠች። አዳራሹ አጨበጨበ። ድምፅ ሲሰጥ ሕጉ ጸና። አዲሱም ፕላን የቀያሹን ማዕዘን ይዞ ወጣ።

ከአዳራሹ በቀጥታ ሆስፒታል ሄደች። ወንድማችን ወሬውን ከልጆቻቸው በስልክ ሰምተው ጠበቋት። ባለቤታቸው ወንበሩን ለቀውላት ወጡ።

"አምነሽበት ነው ወይስ ተናደሽ?" አሏት።

"ተናድጄ ነው።"

"ያኔ ሌላ ሰው ፈርሞ ቢሆን ትገድይው ነበር። ለዚህ ነው ራሴ የፈረምኩት" አሉ። ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ እህታቸው አለቀሰች፤ እሳቸውም እጇን ያዙ። ከዚያ ቀን በኋላ ከአልጋቸው አጠገብ አልጠፋችም፤ ስለ ማዕዘኑም ሲከራከሩ ሰነበቱ።

ወንድማችን ሕመሙ ጸንቶባቸው በጥር ወር 2015 ዓ.ም.፣ በተወለዱ በ72 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውን፣ አራት የልጅ ልጆቻቸውንና አንዲት እህታቸውን ትተዋል።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጋር፣ ሰፋ ካለ ቦታ ያሳርፍልን። ለባለቤታቸውና ለልጆቻቸው መጽናናትን ይስጥልን፤ እንዲሁም ለታናሽ እህታቸው፣ ክርክሩ ሳያልቅላት የምትከራከረውን ወንድም ላጣችው።