ባለ ሰዓቶቹ ሲመጡ እንዳትጠርጊ

ይድረስ ለምወድሽም ለምፈራሽም ታላቅ እህቴ፣

እትዬ፣ እንዴት ከረምሽልኝ? ጉሮሮሽስ ተሻለሽ ወይስ አሁንም በሹክሹክታ ነው የምታስተምሪው? ባልሽ ደህና ነው? እናታችንን ጉልበቷ እንዴት አደረጋት? ልጅሽስ ጥርሷ በቀለ ወይስ እንደ ፎቶው ወላቃ ናት? እኔ ናፍቆትሽን ካልቆጠርነው ደህና ነኝ። እጄ በሳሙናና በሙቅ ውሃ ተልጦ የሰው እጅ አይመስልም እንጂ ሌላው አካሌ ሙሉ ነው።

ደብዳቤሽ ማክሰኞ ደረሰኝ። ደስ ብሎኝ እያነበብኩ መጨረሻው ላይ ስደርስ ደነገጥኩ። የሰው ኃይል አጥኚዎች በወሩ መጨረሻ እንደሚመጡ፣ ሁለተኛ አስተማሪ ይመደብልሽ ወይስ መደቡ ይታጠፍ የሚለውን እነሱ እንደሚወስኑ ጽፈሻል። ይሄ መልካም። ግን "እንዳያፍሩብን" ብለሽ ክፍሉን ኖራ ልታስቀቢ፣ ጡረተኛውን መምህር ጎረቤትሽን ለዚያ ሳምንት እንዲያስተምሩልሽ ልትለምኚ አስበሻል። እትዬ፣ በሞቴ! እንዳታደርጊው። እኔ አድርጌው ምን እንደደረሰብኝ ልንገርሽ፤ መጀመሪያ ሳቂብኝ፣ ከዚያ እዘኝልኝ።

የምሠራበት የሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ክፍል በወረቀት ስምንት ሠራተኛ አለው። በሥጋና በደም ግን አራት ነን፤ ሹማችን፣ ማድረቂያው ላይ ያለው፣ በግዝፈቱ ዝሆኔ የምንለው፣ በካውያ የምትተኩሰው ነፍሰ ጡር ባልደረባችን እና እኔ። ጡረታ የወጣም የሞተም አልተተካም። የእነሱን ሥራ ተካፍለን፣ ሰው ሁሉ ከወጣ በኋላ ሁለት ሰዓት እየቆየን እንጨርሳለን። የትርፍ ሰዓት ፊርማ የለው፣ ምን የለው። ለምን ብትይ፣ አንሶላ ሳይደርስ ቀርቶ በሽተኛ በባዶ ፍራሽ ላይ ሲተኛ ማየት ይከብዳል።

ታዲያ አምና የሠራተኛ ማህበሩ ተወካይ ተብዬ ተመረጥኩ። እኔ! ሳቂ እሺ፣ ፈቅጄልሻለሁ። ሊቀመንበራችንን ማይክሮፎን እንለዋለን፤ ከአንድ ሰው ጋር ሲያወራም ለአዳራሽ ነው የሚናገረው። ነገሩ ግን እውነት ነበረው። ማህበራችን ሕንፃ ብቻውን ልማት አይሆንም፣ ሠራተኛ ሳይሞሉ ሆስፒታል ማስመረቅ ድስት ገዝቶ ጉልቻ እንደመርሳት ነው ብሎ ሙግት ገጠመ። ኃላፊዎቹ በበኩላቸው ሀገር የምታድገው በቅልጥፍና እንጂ በደመወዝተኛ ብዛት አይደለም አሉ። እኛ እንዲህ፣ እነሱ እንዲያ ስንባባል፣ በመጨረሻ ሥራው በሰዓት ይለካ ተባለ። እኔም አጨበጨብኩ። ተለክቶ እውነቱ የሚወጣ መስሎኝ እኮ ነው።

ሰዓት ይዘው የሚለኩት አጥኚዎች፣ እኛ ባለ ሰዓቶቹ የምንላቸው፣ ሊመጡ ሁለት ቀን ሲቀራቸው ሹማችን ግድግዳውን አየች፣ ወለሉን አየች፣ የቆሸሸውን ክምር አየች፤ ከዚያ እኔን አየችኝ። እንግዳ በዚህ ውስጥ ሊገባ ነው ወይ አለች። እኔም አፌን ምን አንቀዠቀዠው! ጡረታ የወጡትን ሁለቱን ሴቶች እንጥራ፣ የዝሆኔም ወንድም ይምጣ፣ ለሦስት ቀን ነው አልኩ። መጡልን። ሽርጥ አስረው ገቡ። እትዬ፣ ብታይው ክፍሉ ሠርግ ቤት መሰለ! አንሶላው ከማሽኑ ሲወጣ በአየር ላይ ይቀበሉታል፣ ይተኮሳል፣ ይታጠፋል፣ ይደረደራል። ሰባት ሆነን ነው የሠራነው። እንግዶቹ ሰዓታቸውን ይዘው ዝም ብለው ይጽፋሉ። ሲሄዱ ሹማችን ኮራች፣ እኔም ደረቴን ነፋሁ።

ጥናቱ ሲመጣ ምን ይላል? የታጠበውን ልብስ በመዝገቡ ላይ ለፈረሙት ሰዎች አካፍለውታል። የፈረምነው ደግሞ አራታችን ብቻ ነን፤ የጠራናቸው ሦስቱ ስማቸው የለም። ስለዚህ አራት ሰው ከበቂ በላይ ነው፣ የቀሩት አራት መደቦች ይታጠፉ፣ እንዲያውም ለሌሎች ክፍሎች አርአያ ናቸው ይላል። አርአያ! ዝሆኔ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበና ቁጭ አለ። ነፍሰ ጡሯ እርጥብ አንሶላ የሞላውን ቅርጫት ብድግ ልታደርግ ስትል ወገቧን ይዛ ቀረች። ሮጬ ተቀበልኳት። የዚያን ቀን ራሴን ጠላሁት።

ከሳምንት በኋላ ኃላፊዎቹና ማህበሩ በተሰበሰቡበት የማህበሩን አቋም የማነበው እኔ ነበርኩ። ማይክሮፎን ሰባት ገጽ ጽፎ ሰጥቶኛል፤ ጥፋቱን በሙሉ በአጥኚዎቹ ላይ ያላክካል። የመጀመሪያውን ገጽ አንብቤ ቆምኩ። ካፈርኩ አይመልሰኝ ብዬ፣ አጥኚዎቹ አልዋሹም፣ የዋሸነው እኛ ነን፤ ሐሳቡም የኔ ነው አልኩ። እኛ የሌለውን ሰው ሥራ ለዓመታት ስንሸፍን ሀገር የጠቀምን መስሎን ነበር፤ ለካ ጉድለቷን ደብቀንባታል፣ የደበቁትን ደግሞ ማንም አይሞላውም አልኩ። ሌላም ብዙ የምለው ነበረኝ፣ ግን የቀሩትን ስድስት ገጾች አጥፌ ተቀመጥኩ።

አሁን ጀግና ሆነ እንዳትዪ። በማግስቱ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተሰጠኝ። ማይክሮፎን ለሦስት ቀን ሰላም አላለኝም፣ ሹማችን ደግሞ እስከ ዛሬ በዝሆኔ በኩል ነው የምታናግረኝ። ግን ልኬታው እንዲደገም ተወሰነ። ባለ ሰዓቶቹ ለአሥር ቀን ተቀመጡ፤ እኛም በሰዓታችን ገብተን በሰዓታችን ወጣን። በአራተኛው ቀን አንሶላ አልደርስ ብሎ የቀዶ ጥገና ክፍሉ እስከ እኩለ ቀን ቆሞ ጠበቀ። ያንን ማየት ሞት ነበር፤ እጄን ኪሴ ከትቼ ጥርሴን ነክሼ ነው የቻልኩት። ከአራቱ መደቦች ሁለቱ ተመለሱ። ሁለቱ ታጥፈው ቀሩ፣ ያንን እኔ ነኝ ያሳጠፍኩት እያልኩ እተኛለሁ።

ስለዚህ እትዬ፣ እባክሽ ኖራውን ተዪው። አንዱን ጥቁር ሰሌዳ ለሁለት ክፍል ከፍለሽ፣ ወዲህ ፊደል ወዲያ ሒሳብ ስታስተምሪ ይዩሽ። ድምፅሽ ሲዘጋ ይስሙት። ሐኪሙ ካላረፍሽ ድምፅሽ አይመለስም ያለሽን አትደብቂ። አውቅሻለሁ፣ እንደምንም እንወጣዋለን ልትያቸው ነው። እኔን ስታሳድጊኝ ትኩሳት ይዞሽም ምንም አልሆንኩም ነበር የምትዪኝ፤ እኔም ሞኙ አምንሽ ነበር። ይሄን የመሸፈን አመል ከማን የተማርኩት ይመስልሻል? አሁን ግን ሊጠይቅሽ የተላከ ሰው ይመጣል። አንድ ጊዜ ብቻ ደክሞኛል በይ።

ባልሽን ሰላም በይልኝ፤ መጥረጊያውን እንዲደብቅ አደራ ብያለሁ። ወላቃዋን ጉንጯን ሳሚልኝ። ጡረተኛውን መምህር እጅ እነሳለሁ፤ በዚያ ሳምንት ግን በቤታቸው ይዋሉልኝ። የእናታችንን ጉልበት ሳሚልኝና "ልጅሽ ከሥራ አልተባረረም፣ ማስጠንቀቂያ ብቻ ነው የተሰጠው" በያት፤ ወይም ማስጠንቀቂያውን ተዪው። አንቺን ግን፣ እትዬ፣ ልነግርሽ ፈልጌ ያፈርኩት አንድ ነገር አለ፤ ደክሞሽም ታላቅ እህቴ ነሽ።

ታናሽ ወንድምሽ
ከልብስ ማጠቢያው ጀርባ ካለችው ክፍሌ
ኅዳር 9 ቀን