ለስልኬ የነገርኩትን ሁሉ ለሰሙት ሊቀ መንበር

ለክቡር አቶ ሙሉሰው
በማራኪ ሠፈር የጡረተኞች መረዳጃ ማኅበር ሊቀ መንበር

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን በአክብሮት እጠይቃለሁ። ጆሮዎ እጅግ ደኅና መሆኑን ስለማውቅ ስለ እሱ አልጨነቅም፤ ለቀረው አካልዎ ግን ፈጣሪ ብርታቱን እንዲሰጥዎ ከልቤ እመኛለሁ።

እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት በአዋላጅነት አገልግዬ ጡረታ የወጣሁት፣ እስካለፈው ወር የማኅበራችን ጸሐፊ የነበርኩት ሲስተር የትነበርሽ ነኝ። ይህን ደብዳቤ በማኅበሩ ሰሌዳ ላይ የለጠፍኩት፣ አባላቱ የእኔን ጉዳይ ከእርስዎ አንደበት ስለ ሰሙ ቀሪውን ከራሴ እንዲሰሙት ብዬ ነው።

አንደኛ፣ ምስጋናዬ ይድረስዎ። ከትንሣኤ በኋላ ቤቴ ድረስ መጥተው፣ በስልኬ ላይ ያለውን የድምፅ ረዳት እንዴት እንደማዘው አስተማሩኝ። ስልኩን ከእጄ ተቀብለው ሲነካኩ ቆዩና፣ «ሲስተር፣ እርስዎ ዝም ብለው ይናገሩ፤ ሌላውን ለእኔ ይተዉት» አሉኝ። እኔም ተውኩት። ባለቤቴ ያረፈ ዕለት አስከሬኑን ከተሸከሙት አንዱ እርስዎ ነበሩና፣ ምን እየሠሩ እንደሆነ መጠየቅ ነውር መሰለኝ።

እውነቱን ለመናገር ረዳቱ ሸጋ ነበር። የዓይን ጠብታዬን ሰዓት ያስታውሰኛል፣ ኮላ ድባ ላለችው ታናሽ እህቴ ለውቢት ይደውልልኛል፣ ቃለ ጉባኤውን እኔ ስናገር እሱ ይጽፋል። እንደ ሰው ለመድኩት መሰለኝና አንድ ቀን ከሐኪም ቤት ስመለስ እንዲህ ብዬ አስያዝኩት፦ «የግራ ዓይኔ ከእንግዲህ አይመለስም ተብሏል። ለውቢት እንዳልነግራት፤ ከሰማች ቤቷን ዘግታ ትመጣለች። በጉባኤው ላይ ወይዘሮ ፅዮንን ለሊቀ መንበርነት ልጠቁም፤ ለአቶ ሙሉሰው ሰባት ዓመት ይበቃል።» ይህን ከስልኬ በቀር ለማንም አልተናገርኩም።

ሁለተኛ፣ በጉባኤው ዕለት እጄን ከማንሣቴ በፊት ተነሥተው፣ መሐረብ አውጥተው የተናገሩትን አልረሳውም፦ «እኅታችን ሲስተር የትነበርሽ ዓይናቸው እየጠፋ ነው። ከጸሐፊነቱ እናሳርፋቸው። ዛሬ ሰው ቢጠቁሙም ለይተው ስለማያዩ አንፍረድባቸው።» አባላቱም አዝነውልኝ አጨበጨቡ። እጄ ጭኔ ላይ እንዳለ ቀረ። ለርኅራኄዎ ምን ብዬ ላመስግን?

በሁለተኛው ቀን ውቢት በጠዋቱ መኪና መጣች። ለካ እርስዎ ደውለውላት ኖሯል። ደጃፌ ላይ ቁጭ ብላ፣ አልገባም አለች።

«ምነው እትዬ፣ ያንቺን ዓይን ነገር ከሊቀ መንበር አፍ ልስማው?» አለችኝ።

ለስንት እናት ክፉ ወሬ ቀስ አድርጌ የነገርኩ ሴት፣ ለገዛ እህቴ የራሴን ሳልነግራት ቀረሁ። አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጥኩና አብረን አለቀስን። ይህ ሦስተኛው ነው፤ ከሁሉም የሚያመኝ እሱ ነው።

ማን እንደነገረዎ ስብሰለሰል፣ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር የምታስተምረው ተከራዬ ሄለን ስልኬን ተቀብላ አየችው።

«ሲስተር፣ ይህ የተከፈተው በአቶ ሙሉሰው አካውንት ነው። እርስዎ የሚያስይዙት ማስታወሻ ሁሉ በእሳቸውም ስልክ ላይ ይወጣል» አለችኝ።

ሦስት ጊዜ አስደገምኳት። ተሳስተው ይሆናል ብዬ ልከራከርልዎ ሞከርኩ፤ ነገር ግን የተሳሳተ ሰው ያነበበውን ይዞ ጉባኤ ፊት አይቆምም።

አሁን ሄለን በራሴ ስም አካውንት ከፍታልኛለች፣ የይለፍ ቃሉን የማውቀውም እኔ ብቻ ነኝ። ውቢትም እንደፈራሁት ቤቷን ዘግታ እኔው ዘንድ ገብታለች። ሃያ ሁለት አባላት ፈርመው አስቸኳይ ጉባኤ ስለ ጠሩ፣ የፊታችን እሑድ እህቴ ክንዴን ይዛ ትወስደኛለች። ወይዘሮ ፅዮን የት እንደተቀመጠች ትነግረኛለች፤ እጄን የማነሣው ግን እኔ ነኝ።

የስድስት ሳምንት ያልተቋረጠ አድማጭነትዎን እያደነቅሁ፣ ከወንበርዎ በፊት ለመሐረብዎ እጅ የምነሣ፣

የቀድሞ ጸሐፊዎ
ሲስተር የትነበርሽ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ሄለን እንዳስረዳችኝ፣ አካውንቱ አንድ በመሆኑ የእርስዎም ማስታወሻዎች ወደ እኔ ስልክ ሲመጡ ከርመዋል። «ላንብብልዎት?» ስትለኝ ከልክያት ሳይከፈቱ ተሰርዘዋል። ሳናስቆመው ረዳቱ ጮክ ብሎ ያነበበው አንዱን ብቻ ነው፤ እሱም ሐሙስ ስለሚገዙት የፀጉር ቀለም ነበር። ይህን ምስጢር ለማንም ትንፍሽ እንደማልል በዚህ ሰሌዳ ላይ ቃሌን እሰጣለሁ።