ፊዚክስ ያንቺ ነበር

ሰኞ፣ ጥር 26

ዘሁ፣ ፊዚክስ ያንቺ ነው። ተካፍለን ጨርሰን ነበር እኮ። ሒሳብና ፊዚክስ ላንቺ፣ እንግሊዝኛ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ ለእኔ። ዛሬ ቲቸር ተስፋዬ ስለ ፈሳሽ ግፊት ጠይቆ ሰሌዳ ላይ አስወጣኝ። ጠመኔውን እንደያዝኩ ወደ ሴቶቹ ረድፍ ዞርኩ፤ አንቺን ፍለጋ። ክፍሉ ሁሉ አየኝ። ማንም አልሳቀም። ቢስቁብኝ ይሻለኝ ነበር።

ተቀመጥ አለኝ ቀስ ብሎ። ቀስ ማለቱ ነው ያቃጠለኝ።

ከክፍል በኋላ ጠራኝ። ለሁለታችን የገባልንን ቃል አልረሳም። በሁለተኛው ሴሚስተር ከትምህርት በኋላ እያስቀረ ሊያስጠናን ነበር። አሁንም አስጠናሃለሁ አለ፤ ግን ወይ ለኢንትራንስ ነው፣ ወይ ውጭ አገር ለሚያስገባው ለኤስኤቲ። ሁለቱን አንድ ላይ ከያዝክ ሁለቱንም ትጥላለህ አለኝ። እስከ ዓርብ ልነግረው ነው። እኛ ሁለቱንም ይዘን ነበር። ሁለት ሰው ስለነበርን።

አሠራራችንን እንዳልረሳው ልጻፈው። ሁለታችንም የየድርሻችንን ለብቻ እናነባለን። ጠዋት ከትምህርት በፊት ሐይቁ ዳር እንወርዳለን። ያነበበው ይቆማል፣ መጽሐፉን ዘግቶ ያስረዳል። ያላነበበው ጠፍጣፋው ድንጋይ ላይ ይቀመጣል፤ ሥራው አንድ ነው፣ "ለምን?" ማለት። "ለምን" እስኪያልቅ የቆመው አይቀመጥም። ዘሁ እኔ ላይ ጨካኝ ነበረች። ታላቅ እህቴ ናት፤ ትምህርት ቤት በተዘጋበት ዓመት ወደ ኋላ ቀርታ ነው አንድ ክፍል ላይ የተገናኘነው። ራሴን አመመኝ ብላ ተኛች፣ ደሴ ወሰዷት፣ ሳምንቱ ሳይሞላ ቀበርናት።

ከዚያ ወዲህ ብቻዬን ሆኜ አላውቅም። ሐዘንተኛ ብቻውን አይተውም ብለው የአክስቴን ልጅ ይማምን መደቡብኝ። ባጃጅ ነጂ ነው። እኔ ክፍል ያድራል፣ ትምህርት ቤት ያደርሰኛል፣ ይመልሰኛል። እስከ አርባዋ ነው አሉ። አርባዋ ቅዳሜ ነው።


ማክሰኞ፣ ጥር 27

ዛሬ ተቀምጬ ሁለቱን ፈተናዎች አወዳደርኳቸው።

ኢንትራንስ። ስድስት ፈተና፤ አምስቱ የተካፈልናቸው፣ ስድስተኛው አፕቲትዩድ። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ የተማርነው ሁሉ ሊመጣ ይችላል። ጥያቄዎቹ ምርጫ ናቸው። በአውቶብስ ተጭነን ዩኒቨርስቲ ግቢ እንገባለን፣ እስክንጨርስ እዚያው እናድራለን። ስልክ አይገባም። የክፍሌ ልጆች በሙሉ አብረውኝ ናቸው። ካለፍኩ ዩኒቨርስቲ ገባሁ ማለት ነው።

ኤስኤቲ። እንግሊዝኛና ሒሳብ ብቻ። በኮምፒውተር። ካልኩሌተር ይፈቀዳል! የመጀመሪያውን ክፍል ጥሩ ከሠራህ ሁለተኛው ይከብድሃል። ስለቻልክ ይጨምሩብሃል። ፓስፖርት ይጠይቃል፤ የለኝም። አዲስ አበባ ድረስ መሄድ አለ። ውጤቱ ለብቻው የትም አያስገባም፤ ከዚያ በኋላ ማመልከት፣ ስኮላርሺፕ መጠየቅ፣ መጠበቅ።

ሁለቱም ላይ ለተሳሳተ መልስ ነጥብ አይቀነስም። ስለዚህ ያላወቅኩትን ባዶ አልተውም። ይሄን ዛሬ እንደ ድል ቆጥሬዋለሁ።

ከሥር በትልቁ "ኤስኤቲ" ብዬ ጻፍኩና ወደ አባዬ ሄድኩ። ሽንኩርቱን ውኃ እያጠጣ ነበር። ነገርኩት። ዘሁ ከሞተች ጀምሮ ይሄን ያህል ሲያወራ አልሰማሁትም። እሷ ውጭ አገር እማራለሁ ስትል ሁሉም ሲስቅባት እሱ አልሳቀም ነበር አለኝ። ፓስፖርት እንዲያወጣላት ነግራው ኖሯል። ቦዩን ከፍቶ፣ ቀና ሳይል፣ "የእሷን ነገር አትጣልብኝ እንድሬ" አለኝ።

እሺ አልኩት። ደረቴን ነፍቼ ተመለስኩ። ለእሷ ስል እንደማደርገው ተሰማኝ።


ረቡዕ፣ ጥር 28

ቲቸር በራሱ ላፕቶፕ የኤስኤቲ መለማመጃ አስሠራኝ። ላይብረሪ ጥግ ላይ።

ሒሳቡን ሠራሁ። እውነት ሠራሁ። አብዛኛው ከታች ክፍል የተማርነው ነው። እያንዳንዱን ስጀምር ድምጿ ይመጣል፤ "መጀመሪያ ምን ጠየቁህ? እሱን አስምርበት።" ፓራቦላው ጋ ስደርስ ድንጋዩ ላይ የተቀመጥኩ መሰለኝ።

እንግሊዝኛው ጣለኝ። የራሴ ድርሻ! ቃላቱን አውቃቸዋለሁ፤ ጸሐፊው በዚህ ምን ማለት ፈለገ ሲሉኝ ግን አራቱም ምርጫ ልክ ይመስለኛል። ሰዓቱ ከላይ ወደ ታች ይቆጥራል።

ቲቸር ውጤቱን አይቶ ይስተካከላል አለ። ጊዜ ይፈልጋል፣ ብዙ ማንበብ ይፈልጋል፣ ግን ይስተካከላል። ለአባዬ ሒሳቡን ብቻ ነገርኩት። ደስ አለው።


ሐሙስ፣ ጥር 29

ከይማም ጋር ተጣላን። እኔ ነኝ የተጣላሁት፤ እሱ መጣላቱንም ያወቀ አይመስለኝም።

ባጃጁ ውስጥ ስለ ሁለቱ ፈተናዎች ሲጠይቀኝ በደንብ አስረዳሁት። ወደ ሐይቁ ከሚወርደው መንገድ ላይ ሁለት ሴቶች ጭኖ ስለነበር እነሱም አብረው ሰሙ። ለዘሁ ስል ኤስኤቲን መረጥኩ አልኩ። ሴቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡልኝ። ይማም በመስታወቱ አየኝ።

"ቆይ፣ አንተ ምሁር፣ ይሄኛው ፊዚክስ የለውም አላልክም?"

"የለውም።"

"ታዲያ ለዚህ ነዋ።"

ሴቶቹ ሳቁ። በነገር አልነበረም፣ እንዲሁ ሳቁ። እኔ ግን ፊቴን ወደ መንገዱ አዞርኩ። ወርጄም ሰላም አላልኩትም። ማክሰኞ የጻፍኩትን ገልጬ አየሁት። ኤስኤቲ እንግሊዝኛና ሒሳብ ብቻ ካልኩ በኋላ "ብቻ" የሚለውን ቃል ሁለት ጊዜ አስምሬበታለሁ። መቼ እንዳሰመርኩ አላስታውስም።

የፊዚክሱን መጽሐፍ ከሞተች ጀምሮ አልከፈትኩትም።

ከሰዓት ደግሞ እማዬ። ልብስ እያጠበች ነው። አባዬ ያልነገራት ነገር ስለሌለ ሁሉንም ታውቃለች። አዲስ አበባ ነው ወይ አለችኝ። ኤስኤቲ ከሆነ አዎ፣ ኢንትራንስ ከሆነ ደግሞ ዩኒቨርስቲ ግቢ ነው አልኳት፣ የትኛው እንደሚደርሰን ገና አልታወቀም። ከሁለቱ እዚህ ሐይቅ ከተማ የሚሰጠው የትኛው ነው አለች። አንዱም አልኩ። የአባዬን ጋቢ እየጨመቀች ነበር። ጠብታው እስኪያልቅ ጨመቀችው።

"አንዷን ደሴ ድረስ ሸኝቻለሁ። ከእንግዲህ መኪና ላይ አሳፍሬ የምሰደው ልጅ የለኝም።"

ስለዚህ አባዬ የዘሁን ፈተና ይፈልጋል፤ እማዬ የትኛውንም አትፈልግም። እኔ ደግሞ ፊዚክስን እሸሻለሁ። ነገ ዓርብ ነው።


ዓርብ፣ ጥር 30

ለቲቸር አልነገርኩትም። እስከ ሰኞ ስጠኝ አልኩት። ሰኞ አለ፣ ከዚያ በኋላ ግን ጊዜው ራሱ ይወስንብሃል።

ከመውጣቴ በፊት አንድ ነገር ጠየቅኩት። ዘሁ ኤስኤቲን ለብቻዋ እፈተናለሁ ብላህ ታውቃለች? ሒሳቧ እንደዚያ ሆኖ እኔ ወደ ኋላ እየጎተትኳት ይሆናል ብዬ ስፈራ ነበር። ቲቸር መነጽሩን አወለቀ።

"አንድም ቀን። ሁሌ 'እኛ' ነበር የምትለው። እንግሊዝኛውን እንድሪስ ይይዘዋል ትለኝ ነበር።"

እኔ ይዤው አልነበረም ዘሁ። ረቡዕ አየሁት። ያ ፈተና የሁለታችን ነበር፤ አንቺ ሒሳቡን፣ እኔ ሌላውን። የቀረው ግማሽ ብቻውን ተፈትኖ ምን ያደርጋል?

ከሰዓት ይማምን ሐይቁ ዳር ውሰደኝ አልኩት። የፊዚክሱን መጽሐፍ ይዤ ነበር። ይማም ሳይጠይቅ ሄዶ የእሷ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ተነስ ልለው ነበር፤ ተውኩት። ሥራህ "ለምን" ማለት ነው አልኩት። የመጀመሪያውን ገጽ አንብቤ ዘግቼ ጀመርኩ። ፈሳሽ ነገር ጥልቀቱ ሲጨምር ግፊቱ ይጨምራል አልኩ።

"ለምን?" አለ በወታደር ድምፅ።

ከላዩ ያለው ውኃ ስለሚከብደው አልኩ።

"ለምን? ለምን? አቦ ለምን አትተወውም፣ አሣ እንብላ።"

ሳቅኩ። ከሞተች በኋላ ስስቅ የመጀመሪያዬ ሳይሆን አይቀርም፤ ደነገጥኩ። ትንሽ ቆይቶ እዚያው ድንጋዩ ላይ እንቅልፍ ወሰደው። ለተኛ ሰው ማስረዳት አልቻልኩም። አንድ ገጽ ብቻ። ግን ከፈትኩት።


ቅዳሜ፣ የካቲት 1

አርባዋ። ቤቱ ከጠዋት ጀምሮ ሞላ። ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን የራሳቸውን በግ ለብቻ አርደው፣ ለብቻ አብስለው አብረውን አለቀሱ። ቲቸር ተስፋዬም መጣ። በሩ አጠገብ ጫማውን አውልቆ ከወንዶቹ ጋር ተቀመጠ።

ቁርዓን ተቀርቶ ካለቀ በኋላ ሸህ ሙሄ ዱዓ ያዙ። መጀመሪያ ለዘሁ። ከዚያ እንደተለመደው ጉዳይ ያለው እየተናገረ፣ እሳቸው እየለመኑለት፣ ቤቱ አሚን እያለ ዞረ። አንዱ ለታመመች ሚስቱ፣ አንዱ አረብ አገር ላለች ልጁ። እኔ የመጣውን ሳህን ልቀበል ስነሳ ዓይናቸው እኔ ላይ አረፈ።

"አንተስ የእሷ ወንድም፣ ምን ብለን እንለምንልህ?"

ቆሜ ቀረሁ። አባዬ አየኝ። እማዬ ከሴቶቹ ጋር ከመጋረጃው ወዲያ ናት፣ አትታየኝም፤ ግን ትሰማለች። ሳላስበው፣

"ፊዚክስ እንዲገባኝ" አልኩ።

ሸህ ሙሄ ምኑ አሉ፤ ጆሯቸው ትንሽ ይከብዳል። ይማም ጎንበስ ብሎ፣ "ትምህርት ነው ሸህ። የዘሀራ ድርሻ ነበር" አላቸው።

እሳቸው አልሳቁም። እጃቸውን እንደዘረጉ፣ አላህ ያግራልህ አሉ፣ የእሷን ድርሻ አላህ ባንተ ላይ ያግራው። አሚን አለ ቤቱ። ሌላስ አሉኝ። አንዴ ጀምሬዋለሁ።

"ሰኔ ሲደርስ ዩኒቨርስቲ ግቢ ሄጄ ኢንትራንስ ልፈተን ነው።"

"ሄዶ የሚመለስ ያድርግህ። በሄደበት እግር የሚመለስ ያድርግህ።"

አሚን አሉ ሁሉም። አባዬም አለ፤ አቀርቅሮ። ቲቸርም በራሱ ቋንቋ አሜን ሲል ሰማሁት። ሸህ ሙሄ ወደ ሌላ ሰው ሊዞሩ ሲሉ፣ ሁሉም ዝም ካለ በኋላ፣ ከመጋረጃው ወዲያ አንድ ድምፅ ብቻውን መጣ። "አሚን።" የእማዬ ነው። በዱዓ መሐል የተባለ አሚን መልሶ አይወሰድም፤ እሷም ታውቃለች። ሸህ ሙሄ አሚኗን ሰምተው ነው ወደ ሌላው የዞሩት።

ሰው ሲበተን አባዬ ወደ በረቱ ጠራኝ። ማትሪኩ ነው እንግዲህ አለኝ። እሱ አሁንም ማትሪክ ነው የሚለው። አዎ አልኩ። የእሷስ አለ። ዩኒቨርስቲ ከገቡም በኋላ ውጭ ማመልከት ይቻላል ብሎኛል ቲቸር፣ እንግሊዝኛዬ እስኪጠነክር ነው አልኩት። እውነት ነው፤ ግን እንዴት እንደሚሆን አላውቅም። አባዬ ለበሬው ጭድ ሰጠ። ጀርባውን አሸው፣ እንደገና አሸው። እሺ አለ በመጨረሻ። ሲል ወደ እኔ አላየም።

ይማም ፍራሹን ጠቅልሎ ሄደ። ስትተኛ በእንግሊዝኛ ታወራለህ፣ ለማንም አልነገርኩብህም አለኝ።


እሁድ፣ የካቲት 2

ስነቃ ክፍሉ ውስጥ ሌላ ሰው አይተነፍስም። ትንሽ ተጋድሜ አዳመጥኩ።

ሶላት ሰግጄ መጽሐፉን ብብቴ ሥር አድርጌ ወጣሁ። እማዬ ደጃፉ ላይ ናት። ማን አብሮህ ይሄዳል ትላለች ብዬ ቆምኩ። ነጠላዋን አስተካከለችና ፀሐይዋ ሳትበረታ ተመለስ አለችኝ። ዞር ብዬ ሳይ አሁንም እዚያው ቆማ ነበር።

በእግሬ ወረድኩ። ሐይቁ ላይ ጉም ነበር። ከእስጢፋኖስ ገዳም በኩል የቅዳሴ ድምፅ ይመጣል፣ አንድ አሣ አጥማጅ ታንኳውን ከደንገሉ መሐል እየገፋ ያወጣል። ድንጋዩ ጤዛ ይዟል። በእጅጌዬ ጠረግኩት፤ ግን አልተቀመጥኩም። ቆሜ አነበብኩ። ገጹን ሁለት ጊዜ፣ ሦስተኛ ጊዜ። ከዚያ ዘጋሁት።

ድምፄን አውጥቼ ለድንጋዩ አስረዳሁት። ጥልቀት ሲጨምር ግፊት ይጨምራል፤ ከላይ ያለው ውኃ ይከብዳል። በአንድ ጥልቀት ላይ ግን ግፊቱ በሁሉም አቅጣጫ እኩል ነው፤ ወደ ታች ብቻ ሳይሆን ወደ ላይም፣ ወደ ጎንም። ታንኳው የሚንሳፈፈው ከሥር ያለው ወደ ላይ ስለሚገፋው ነው። አጥማጁ ቀና ብሎ አየኝና ሥራውን ቀጠለ። የፈተና ወቅት ሲደርስ እዚህ ዳር ብቻውን የሚያወራ ተማሪ ብርቅ አይደለም።

ጨረስኩ። "ለምን?" የሚለኝ ግን የለም።

ዞሬ ሄጄ ድንጋዩ ላይ ተቀመጥኩ። ቀዝቃዛ ነው። እኔ ቆሜበት የነበረውን ቦታ ከታች ወደ ላይ እያየሁ፣ "ለምን?" አልኩ። ተነስቼ መለስኩ። እንደገና ተቀመጥኩ። ለምን? ተነሳሁ፣ መለስኩ። ሰው ቢያየኝ አብዷል ይለኛል። ተቀመጥኩ።

ከባዱ ውኃ ያለው ከላይ ነው። ታዲያ ወደ ጎን የሚገፋው ለምንድን ነው?

ተነሳሁ። ቆምኩ። ብዙ አሰብኩ። ጉሙ ከውኃው ላይ እየተነሳ ነበር፤ ማዶው ታየ። መልሱን አላወቅኩትም። ዘሁ ብትሆን እዚህ ጋ ነበር አገጯን በእጇ ይዛ ሳትለቀኝ የምትጠብቀው።

መጽሐፉን ከፈትኩ።