የእንግዳው ሳህን

ሆንግ ኮንግ ላለሽው እህቴ ለእትዬ ሊጋያ፤ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ የሰፈራችን የቶንዶ ሙቀት ካልጨረሰን በቀር ደህና ነን።

ከወንጌል ማሠልጠኛው ጄሩሻ የምትባል ልጅ እኛ ቤት ተመድባለች። ወደ ካምቦዲያ ከመላኳ በፊት ከሰፈራችን ሰው ጋር ኖራ፣ ቦይ ጠርጋ፣ ሕፃናት አስተምራ መልመድ አለባት። ደንባቸው «እንግዳ አትሁኑ፣ የቤት ልጅ ሁኑ» ነው። እሷ ግን አበዛችው! ያንቺ አልጋ ላይ ትተኛለች፣ የእማዬን ፀጉር ታበጥራለች። እማዬም መርሳቱ ብሶባት «ሊጋያ» እያለች ትጠራታለች፤ እሷም «አቤት» ትላለች።

«ምን አቤት ያሰኝሻል?» ብዬ ተቆጣኋት።

«አይደለሁም ስላት ታለቅሳለች እኮ» አለችኝ።

ይኸው ስንት ዓመት ሳበስልላት ለእኔ አልቅሳ አታውቅም።

ትናንት እራት ላይ እማዬ ለጄሩሻ የተሰነጠቀውን የቤት ሳህን ሰጠቻት። ለእኔ ግን ለእንግዳ ብቻ የሚወጣውን ባለ አበባ ሳህን አቀረበችልኝ፤ የዓሣውንም ትልቁን ቁራጭ። ደስ ሊለኝ ሲል ትከሻዬን መታ መታ አድርጋ፣ «ብዪ እንጂ፣ አትፈሪ። አንቺንስ ወዴት ነው የሚልኩሽ?» አለችኝ።

ገናን አትጠብቂ፣ ቀደም ብለሽ ነዪ። አልጋሽን አስለቅቅልሻለሁ። ጄሩሻም ሰላም ብላሻለች፤ የእኔ ሰላምታ ግን ይበልጣል።

ታናሽ እህትሽ፣ የእማዬ ልጅ ዴሊያ።